ደንገል ቄጠማ ነው ወይ?

ሰርጌ ሊቀር የነበረው በአንድ ተክል ምክንያት ነው። ሣር ልለው ነበር፤ አባቴ ቢሰሙኝ ግን ይቆጡኛል፣ ደንገል ሣር አይደለምና። ካረፉ ስንት ዘመናቸው፤ እኔ ግን ይኸው አርጅቼም እፈራቸዋለሁ።

ዛሬ ፒያሳ የሚሉት ያኔ አራዳ ነበር፤ ገበያው ከላይ፣ ወንዙ ከታች። ቤታችን ከእሪ በከንቱ አፋፍ ወረድ ብሎ፣ ውሃው ሮጦ ሮጦ ደክሞት የሚተኛበት ረግረግ ዳር ነበር። ከረግረጉ ማዶ አንድ ኮርቻ ሰፊ ይኖሩ ነበር። መሬቱ ሲታደል ያካፈሉት ሽማግሌዎች ገመድ አልጎተቱ፣ ድንጋይ አልተከሉ። ቁልቁለቱ ሰልችቷቸው አፋፉ ላይ እንደቆሙ፣ በዱላ እያመለከቱ አባቴን «ቄጠማው እስካለበት ያንተ ነው፤ ቄጠማው ካለቀበት ወዲያ የእሱ» ብለው ወደ ምሳቸው ሄዱ። ያኔ ቄጠማው ከጉልበት የማያልፍ፣ ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ነገር ነበር። ቄጠማ እግር አውጥቶ ይሄዳል ብሎ ማን ያስባል።

አባቴ የጣና ዳር ሰው ናቸው። አዲስ አበባ የገቡት የአንድ ትልቅ ሰው ድንኳን ተካይ ሆነው ነው። በዚህ ከተማ ከእኔ በቀር ዘመድ አልነበራቸውም፤ እናቴም ገና ልጅ ሳለሁ አርፋለች። አገራቸው ሲናፍቃቸው ሌላው ሰው ያለቅሳል ወይ ይጠጣል፤ አባቴ ግን ከአገራቸው በሚመጡ ነጋዴዎች በኩል በጭቃ የተለወሰ ሥር በጆንያ አስጭነው አስመጡ። ደንገል ነበር፤ የጣና ሰው ታንኳ የሚሠራበት። ረግረጉ ውስጥ ገብተው፣ ቄጠማው መሀል ቀበሩት።

ሰፈርተኛው ሁሉ የአዲስ አበባ ብርድ ይፈጀዋል ብሎ ፈረደበት። አባቴ ግን «እግሩ ውሃ ውስጥ፣ ራሱ ፀሐይ ላይ ይሁንለት እንጂ ሌላ ምንም አይጠይቅም፤ የሚሮጥ ውሃ ነው የሚጠላው» ይሉ ነበር። እውነትም የመጀመሪያውን ዓመት አኩርፎ ከረመ። በሁለተኛው ተነሣ። በቅሎ ላይ ከተቀመጠ ሰው በላይ ሆነ፤ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ጎፈሬ አበቀለ። ግንዱ አንጓ የሚባል የለውም፣ ከእግሩ እስከ አናቱ አንድ ወጥ ነው። በጣት ቢያሾሩት አይሾርም፣ ሦስት ጠርዝ አለው። ሲሰብሩት ውስጡ እንደ ዳቦ ልብ ነጭና ለስላሳ ነው። ጉዱ ያለው ግን ከታች ነው። ሥሩ እንደ ሰው ክንድ ወፍሮ ጭቃው ውስጥ በጎን ይተኛል፤ እየተንፏቀቀ ይሄድና ደስ ባለው ቦታ ሹል ቀንበጥ ብቅ ያደርጋል። አባቴ በየማለዳው ወርደው የት ብቅ እንዳለ ያዩ ነበር። ሲያገኙ እንደ ወለደ ሰው ፊታቸው በርቶ ይመለሳሉ።

ኮርቻ ሰፊው የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ፤ አንተ ተባብለው ነው የሚጠጡት። ወዳጅነቱ ሲጠና ኮርቻ ሰፊው እኔን ለልጃቸው ጠየቁ፣ አባቴም እሺ አሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ የዘመኑ ነገር ነው። ልጁን የማውቀው ከሩቅ ብቻ ነበር፤ አራዳ አንድ አርመን ጫማ ሰፊ ዘንድ ይሠራ ነበር። ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ተቆረጠ። ልጁም ለእኛ መኖሪያ የሚሆን ጎጆ ከረግረጉ ማዶ፣ ከአባቱ ቤት ዝቅ ብሎ ቀለሰ። ሣሩ ተከድኖ ባለቀ ሰሞን፣ በጾሙ መካከል፣ አንዲት የደንገል ቀንበጥ ከጎጆው ጓሮ ብቅ አለች። ሥሩ ጎጆውን በሥሩ አልፎት ሄዷል ማለት ነው።

አባቴ አይተው ሳቁ። «እንግዲህ ልጅህ ሳይፈቀድለት ቄጠማዬ ላይ ቤት ሠርቷል» አሉ። ቀልድ ነበር፤ የአራዳ ሰው ያለ ቀልድ አይውልም። ኮርቻ ሰፊው ግን የዚያን ዕለት መርፌ ሲወጋቸው የዋለ መሰለኝ፣ አልሳቁም።

«የምን ቄጠማ? ይህ ደንገል ነው» አሉ።

«ደንገል የቄጠማ ታላቅ ወንድም ነው።»

«ወንድሙ ቢሆንስ? የአንድ ሰው ወንድም የረገጠው መሬት ሁሉ የእሱ ይሆናል?»

አባቴ ቀልዱን መተው ሲገባቸው ክርክሩ ጣማቸው። ግንዱንም፣ ጎፈሬውንም፣ ሥሩንም አንድ በአንድ አነሡ። ኮርቻ ሰፊውም በተራቸው አነሡ። ድንገት ሁለቱ «አንቱ» መባባል ጀመሩ፤ ያኔ ነው ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ። ኮርቻ ሰፊው ማሉ። ደንገሉ ቄጠማ ነው ከተባለ ጎጆው በአባቴ መሬት ላይ ነው፤ ልጃቸው ደግሞ በሚስቱ አባት መሬት አይኖርም። «ሚስት አገባ ሳይሆን ሚስት አገባችው ሊባል? ሰርግ የለም» አሉ። ቄጠማ አይደለም ከተባለ ደግሞ ማዶ የበቀለውን ሁሉ፣ ያም አብዛኛው ነው፣ በማጭድ ሊያጭዱት ማሉ። በቃ። አባቴ ከረቱ ባል የለኝም፤ ከተረቱ ደንገል የላቸውም። ሁለት ሽማግሌ ሰዎች አንድ ሣር መሰል ነገር መሀላቸው አቁመው እኔን ይጫወቱብኛል ብዬ ተናደድኩ፤ እንጀራውን እንኳ ወርውሬ ነው ያቀረብኩላቸው።

በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት፤ ቁራኛ ይባላል። ኮርቻ ሰፊው «በሕግ አምላክ» አሉ። በሕግ አምላክ ከተባለ የሚሮጥ ሰው ይቆማል፤ አባቴ መጀመሪያውንም ቆመው ነበር። ኮርቻ ሰፊው የሁለቱን ነጠላ ጫፍ ያዙና ቋጠሩ። አባቴ ቋጠሮውን አይተው ናቁት። «ይህ ፍየል አይዝም» አሉና ፈቱት፤ ከዚያ ራሳቸው በድንኳን ቋጠሮ ጥርቅም አድርገው አሰሩት። ዕድሜያቸውን ድንኳን የተከሉ ሰው ናቸው፤ ተከሰውም ቢሆን ሥራ ሲበላሽ ማየት አይሆንላቸውም።

ዳኛው ከአራዳ ገበያ ራስጌ፣ አንድ የግራር ጥላ ሥር የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ሙግት ያን ጊዜ ሰው የሚሰበሰብበት ትርኢት ነበር፤ በርበሬ ሻጩም ጨው ሻጩም ገበያውን ትቶ መጣ። አባቴ «በላ ልበልሃ» ብለው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሲያጣፉ ኮርቻ ሰፊው አብረው ተጎተቱ፤ ኮርቻ ሰፊው ሊመልሱ እጃቸውን ሲያነሡ ደግሞ አባቴ ወደ ፊት ደፋ አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔ ከሴቶች መሀል ሆኜ መሬት ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ዳኛው ተቆርጦ የቀረበላቸውን የደንገል ግንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ቀጥሎ ቄጠማ ዳሰሱ። «ሁለቱም ሦስት ጠርዝ አላቸው» አሉ።

«ጌታዬ» አሉ ኮርቻ ሰፊው፣ «ቄጠማ የሚጎዘጎዝ ነገር ነው። ይህ ቢጎዘጎዝ የእንግዳ እግር ይሰብራል። ከራሴ በላይ የቆመ ቄጠማ አይቼ አላውቅም።»

«ሰጎን ወፍ አይደለችም?» አሉ አባቴ።

«ሰጎን ጎረቤት ጓሮ አትፈለፍልም።»

ዳኛው ብዙ አሰቡና ቀጠሮ ሰጡ። እስከዚያ ድረስ ከቁራኛው እንዲፈቱ ዋስ ጥሩ ተባሉ። አባቴ ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ ዋስ የሚሆን ዘመድ ማን አላቸው። «ዋሴ ጋብቻዬ ናቸው» አሉ።

«የት አሉ ጋብቻዎ?»

አባቴ የተቋጠረውን ነጠላ ሳብ አደረጉ። «እኚህ።»

ዳኛው ኮርቻ ሰፊውን «ለተከሳሽ ዋስ ይሆናሉ?» ብለው ጠየቁ። ኮርቻ ሰፊው ግራ ገባቸው፤ አልሆንም ቢሉ ጋብቻን መካድ ነው፣ እሆናለሁ ቢሉ የራሳቸውን ክስ ራሳቸው ሊዋሱ ነው። ዝም አሉ። ዳኛው ዝምታ ዋስ አይሆንም ብለው ሁለቱን እንደታሰሩ ሰደዷቸው።

እንግዲህ ኑሮ በቁራኛ ተጀመረ። አንድ ቀን እኛ ቤት ያድራሉ፣ አንድ ቀን ማዶ። ኮርቻ ሰፊው ኮርቻ ሲሰፉ አባቴ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ስፌቱን ይነቅፋሉ። አባቴ በማለዳ ደንገላቸውን ሊያዩ ሲወርዱ ኮርቻ ሰፊው ሱሪያቸውን ሰብስበው እየተራገሙ ጭቃው ውስጥ ይከተሏቸዋል። በኋላ በኋላ ቀንበጥ ቀድመው የሚያዩት ኮርቻ ሰፊው ሆኑ። «ያውና፣ ከድንጋዩ ጎን፣ ሌባው» ይላሉ። አባቴ በደስታ ሊያመሰግኗቸው ይሉና ጠበኛ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ይተዉታል።

የሰሙነ ሕማማቱ ግን ባሰ። ስግደት አለ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይወድቃል፣ አንዱ ሳይነሣ ሌላው አይነሣም። የስቅለት ዕለት ቄሱ ለአባቴ ብዙ ስግደት አዘዙ፣ ለኮርቻ ሰፊው ጥቂት። ኮርቻ ሰፊው የራሳቸውን ሰግደው ጨረሱ፤ አባቴ ግን ገና ነበሩ። ላብ በላብ ሆነው «የዚህን ሰው ኃጢአት እኔ ሰገድኩለት፤ ምን ሠርቶ ነው ይህን ያህል?» ሲሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ በዚያ የሐዘን ቀን፣ ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ ተንቀጠቀጠ።

እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ያተረፍኩት ነገር ነበር፤ ለምን እደብቃለሁ። እጮኛዬ የአባቱን ምግብ የሚያደርሰው አባቱ ወዳሉበት ነው፤ አባቱ ደግሞ አንድ ቀን አልፎ አንድ ቀን እኛ ቤት ናቸው። ከሰርግ በፊት ወንድ ልጅ እጮኛው ቤት ደጅ መርገጥ ነውር ነበር፤ እሱ ግን የሹሮ ሳህን ይዞ ይመጣል፣ ሕግ ነው የላከው። በር ላይ ሳህን እየተቀባበልን ተዋወቅን። እጁ የቆዳ ቀለም ይሸታል። አንድ ቀን «ከሁለቱ የትኛው ቢረታ ነው ደስ የሚልሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደንገሉ ይድረቅና ሁለቱም ወደየቤታቸው ይግቡ» አልኩት። ሳቁን አፍኖ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲያ የተሰጠኝ ባል መሆኑ ቀርቶ የምፈልገው ሰው ሆነ። ሰርጉ እንዳይቀርም በየማታው እጸልይ ጀመር።

ዳኛው በመጨረሻ መላ መቱ። ቄጠማን የሚያውቅ ካህን ነው፤ ቅዳም ሹር ካህናት ቄጠማ ይዘው ሲያድሉ፣ ሕዝቡም በራሱ ላይ ሲያስር፣ እነሱ ይፍረዱ አሉ። በቅዳም ሹር ጠዋት ዳኛው ራሳቸው ረግረጉ ድረስ ወረዱ፤ ቃጭል እያቃጨሉ የሚዞሩትን የሰፈራችንን ቄስ ጠርተው አስቆሙ። ሰፈሩ በሙሉ አፋፉ ላይ ተደርድሯል። አባቴ አንድ ሙሉ ደንገል፣ ከነጎፈሬው፣ ለቄሱ አቀረቡ።

ቄሱ ከታች እስከ ላይ ተመለከቱት። «ርግብ ለኖኅ ለምለም ቄጠማ ይዛለት መጣች፤ ውሃው ጎደለ ብላ አበሰረችው» አሉ። «ይህን ግን ርግብ አትሸከመውም። ይህን የሚሸከም በሬ ነው፤ በሬ ደግሞ ወደ ኖኅ አልተላከም።»

አፋፉ በሳቅ ፈረሰ። ኮርቻ ሰፊው ቀና ብለው ቆሙ። አባቴ ግን አልሳቁም አልደነገጡም። ኮርቻ ሰፊውን እየጎተቱ ጭቃው ውስጥ ገቡ፣ ጎንበስ ብለው ሲፈልጉ ቆዩና አንዲት ከጣት የቀጠነች፣ ረዘም ያለች ለጋ ቀንበጥ ነቅለው ወጡ።

«አባ» አሉ፣ «ውሃው ገና መጉደሉ ነበር። ደንገሉ ለማደግ ጊዜ የት አገኘ? ርግቢቱ ያገኘችው ይህን ነው።»

ቄሱ ቀንበጧን ተቀበሉ። ጠርዟን ቆጠሩ። በጥፍራቸው ሰንጥቀው ልቧን አዩ። ከዚያ ከያዙት ቄጠማ አንድ አወጡና እሱንም ሰነጠቁ፤ አስተያዩአቸው። በመጨረሻ የደንገሏን ቀንበጥ በጥምጥማቸው ላይ ዞር አድርገው አሰሯት፤ አልተሰበረችም፣ ያዘች። «እግዚአብሔር ያውቃል እንጂ፣ እኔ እንደማየው ቄጠማ ነው» አሉ።

ዳኛው ሊፈርዱ ተነሡ። ኮርቻ ሰፊው ቀስ ብለው «እንግዲያው ሰርጉ ቀርቷል» አሉ። በቁጣ ቢሉት ይሻለኝ ነበር፤ እንደ ታመመ ሰው ነው ያሉት። እጮኛዬ ጭቃ እንዳይነካው ብሎ የአባቱን ጫማ ይዞ ቆሞ ነበር፤ አንደኛው ከእጁ ወድቆ ጭቃው ዋጠው፤ ልብም አላለውም። እኔ ረግረጉ ዳር ቁጭ አልኩ። ለሙሽርነት ያቆየሁትን ቀሚስ ለብሼ ጭቃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ ፊቴን እንኳ ሳልሸፍን።

አባቴ አዩኝ። ከእኔ ወደ ጎጆው አዩ፣ ከጎጆው ወደ ደንገላቸው አዩ። ደንገሉ ንፋስ አግኝቶ ጎፈሬውን እያወዛወዘ ነበር።

«ጌታዬ፣ አይፍረዱልኝ» አሉ። «ተሳስቻለሁ። ቄጠማ የዚህ አገር ነው። ይህ መጤ ነው፤ በጆንያ ተጭኖ ነው የመጣው። እዚህ ዘመድ የለውም። ጎጆው ያለበት መሬት የእሳቸው ነው፣ ይጨዱት።»

ድምፃቸው ስለ ተክል የሚናገር ሰው ድምፅ አልነበረም። ዳኛው እንደቆሙ ቀሩ።

ኮርቻ ሰፊው ነጠላውን ሳብ አደረጉት። «ይዋሻል፣ ጌታዬ» አሉ። «ዘመድ እንዴት የለውም? ከእኔ ጋር ጾሟል። ከእኔ ጋር ሰግዷል። ኃጢአቱን ሳይቀር እኔ ነኝ የተሸከምኩለት።»

«ስለ ደንገሉ ነው የምንነጋገረው» አሉ ዳኛው።

«እኔም ስለ ደንገሉ ነው። ቄጠማ ነው።»

«አይደለም» አሉ አባቴ።

«ነው አልኩህ። አንተ ስለ ቄጠማ ምን ታውቃለህ?»

ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ተገለበጠ። አባቴ ደንገል ቄጠማ አለመሆኑን በቁመቱና በእንግዳው እግር ያስረዱ ጀመር፤ ኮርቻ ሰፊው በሦስት ጠርዝና በርግቢቱ ይመልሱላቸዋል። አንዱ የሌላውን ክርክር በቃላቸው ይዘውታል፤ ስንት ቀን አብረው ታስረው። ዳኛው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሙ፣ ሰሙ፣ በኋላ ዱላቸውን አነሡ። «ተከሳሽ በራሱ ላይ ያመነውን እኔ አልክድለትም» አሉ። «ደንገል ቄጠማ አይደለም፤ ጎጆው በከሳሽ መሬት ላይ ነው። ደንገሉን ማጨድ የከሳሽ ፈንታ ነው። አሁን ልቀቁኝ፣ ለነገ በግ አልገዛሁም።»

ኮርቻ ሰፊው ማጭድ አላነሡም። ያነሡት የቆዳ መቁረጫ ቢላቸውን ነው፤ የአባቴ ቋጠሮ አልፈታ ብሎ ሁለቱም ነጠላ ጫፍ ጫፉ ተቆረጠ።

ሰርጉም በቀኑ ሆነ። ከአባቴ ቤት እስከ ጎጆዬ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል፤ ሙሽራ ግን በረግረግ አትሄድም ተብሎ በቅሎ ላይ አውጥተው በአራዳ ገበያ አዙረው ሊያወርዱኝ ተሰናዱ። ሰርገኛው መጥቶ በር ላይ ሲደርስ ሰፈርተኛው የእኔ ወገን ሆኖ አናስገባም ብሎ ተሰልፎ ነበር። ከከልካዮቹ ፊት የሙሽራው አባት፣ ኮርቻ ሰፊው፣ ከአባቴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። መፈታታቸውን እግራቸው ገና አልሰማም። የገዛ ልጃቸውን «አትገባም» ብለው ከለከሉት፤ ሰው ሳቁን እስኪጨርስ ሙሽራው ደጅ ቆመ።

በቅሎዋ ላይ ስወጣ አለቀስኩ። ሙሽራ ታለቅሳለች፣ ወግ ነው፤ የእኔ ግን የወግ አልነበረም። አባቴ ብቻቸውን ነው የሚቀሩት። ልጓሙን ይዘው ቀረቡና ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብለው «ምን ያስለቅስሻል?» አሉኝ። «ቄጠማ ተሻገርሽ እንጂ አገር አልተሻገርሽ።»

ቄጠማ አሉ። ማለታቸውን እሳቸውም አላወቁት፤ እኔም እንዳልሰማ ሆንኩላቸው። ኮርቻ ሰፊውም አጠገባቸው ነበሩና ሰምተዋል፤ ሰማይ ሰማዩን አዩ፤ ይግባኝ አላሉም።